ሸክላው ስንት ያወጣል?



አንድ ጥያቄ ላስቀድም። አንዲት እናት እጃቸው ላይ ያለውን ዕቃ ዋጋ አያውቁም እንበል። አንተ ግን ታውቃለህ። በተስማሙበት ትንሽ ገንዘብ ገዝተህ በብዙ እጥፍ ብትሸጠው፣ ነገድህ ወይስ በደልሃቸው? አልዋሸህም። አልሰረቅህም። በፈቃዳቸው ነው የሸጡልህ። ታዲያ ኅሊናህ ለምን ይቆረቁርሃል? ካልቆረቆረህስ ሊቆረቁርህ ይገባ ነበር?

ይህን ጥያቄ ያመጣልኝ ከኅብረታችን አንድ ወንድም ነው። ፈቃዱን ጠይቄ፣ ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን እነግራችኋለሁ።

ወንድማችን ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ በመፈለግ ላይ ነበር። አሜሪካ የሚኖረው የአጎቱ ልጅ ስለ ድሮ ሸክላዎች ገበያ ነገረው። ሸክላ ስል ጀበናና ምጣዱን ማለቴ አይደለም። አያቶቻችን በማጫወቻ ላይ አስቀምጠው በመርፌ ያሰሙት የነበረውን ጥቁሩን የሙዚቃ ሸክላ ማለቴ ነው። አንዳንዶቻችሁ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ አይታችሁት ይሆናል።

ጥያቄው እንዲገባን ገበያውን በአጭሩ ላስረዳ። በደቂቃ 33 ዙር የሚሽከረከረው ትልቁ ሸክላ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ ትንሹ ባለ 45 ዙር በዓመቱ ተከተለው። በዚያ ዘመን የጃዝ ሙዚቃ ያሳትሙ ከነበሩት ድርጅቶች አንዱ በ1939 በኒው ዮርክ የተመሠረተው ብሉ ኖት ነው። የእነዚህ ድርጅቶች የመጀመሪያ ኅትመቶች ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታደናሉ። ሰብሳቢዎች በሸክላው መካከል የተለጠፈውን ወረቀት አድራሻ ሳይቀር ያነባሉ። ሙዚቃው ሲያልቅ መርፌው በሚደርስበት ባዶ ቦታ ላይ የተጫረውን ቁጥርና ምልክት ይመረምራሉ። ያው ሙዚቃ ኋላ በታተመ ሸክላ በጥቂት ዶላር ሲገኝ፣ የመጀመሪያው ኅትመት በመቶዎች፣ አልፎ አልፎም በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ሃንክ ሞብሊ በ1957 የቀረጸው፣ በብሉ ኖት ቁጥር 1568 የወጣው ሸክላ በዚህ የታወቀ ነው።

የእኛም አገር ሸክላዎች በዚህ ገበያ ውስጥ አሉ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ውጭ አገር እያሳተመ ያስመጣ ነበር። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ትንንሽና ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» የተባለው የኢትዮ ጃዝ ሸክላ በ1974 የወጣው በዚሁ ድርጅት ነው። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ሸክላው ወደ ካርቶን ገባ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ «ኤትዮፒክ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ሲጀመር ግን የውጭ ሰዎች ይህን ሙዚቃ እንደገና ሰሙት። በ2005 ደግሞ የሙላቱ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች የሚፈልጉ ሰዎች በአውሮፓም፣ በጃፓንም፣ በአሜሪካም አሉ።

የሚሸጡት በአብዛኛው በኢንተርኔት ጨረታ ነው። ሻጩ ፎቶ ያወጣል። ሸክላው ምን ያህል እንደተጫረ፣ ሽፋኑ መቀደዱን፣ የተጻፈበት ነገር መኖሩን በደረጃ ይገልጻል። ጨረታው ለተወሰኑ ቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ፉክክር በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ያው ሸክላ ከዚህ ቀደም ስንት እንደተሸጠ ኢንተርኔት ያለው ሰው ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ እውቀቱ ምስጢር አይደለም። ግን ሁሉም ሰው ጋ አልደረሰም።

ወንድማችን በሰፈሩ ቤት ለቤት መጠየቅ ጀመረ። አንዲት እናት ከሟች ባለቤታቸው የቀሩ 31 ሸክላዎች በካርቶን ነበሯቸው። «ስንት ልስጥዎት፣ እማማ?» አላቸው። «ቆራሌው ለሁሉም ሦስት መቶ ብር ብሎኝ ነበር። አንተ የሰፈር ልጅ ነህ፤ የመሰለህን ስጠኝ። አንተ ታውቃለህ» አሉት። 1,500 ብር ሰጣቸው። መርቀው፣ ቡና አጠጥተው ሸኙት።

ከ31ዱ አብዛኞቹ ተጭረው ተበላሽተው ነበር። ስድስቱ ግን በአጎቱ ልጅ በኩል ጨረታ ላይ ወጡና ተሸጡ። የመላኪያውና የድረ ገጹ ክፍያ ተቀንሶ ለእርሱ 1,100 ዶላር ደረሰው። በገንዘቡ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። ከዚያ አሥራቱን በፖስታ አሽጎ ወደ እኔ መጣ። «ጌታ በር ከፈተልኝ» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን ጋሼ፣ እኚያን እናት መንገድ ላይ ሳያቸው ለምን መንገድ እለውጣለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ዓለማዊ ሙዚቃን መነገድስ ይገባል ወይ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እርሱም ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በካርቶኑ ውስጥ የነበረው የድሮ የመዝሙር ሸክላ ወይም ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ቢሆን ኖሮ የወንድማችን ጥያቄ አይለወጥም ነበር። ስለዚህ ዛሬ በዋጋው ላይ እንቆይ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያ መልሴ ቀላል ነበር። «ለፍተህ ያገኘኸው ነው፤ አትጨነቅ» አልሁትና ፖስታውን ተቀበልሁ። ማታ ለእሁድ ትምህርት ስዘጋጅ ምሳሌ 20 ላይ ደረስሁ። በቁጥር 14 ላይ ዕቃውን እያጣጣለ የሚገዛ፣ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው የሚመካ ሰው አለ። ወንድማችን አላጣጣለም፤ ዝም ነው ያለው። ሆኖም ዝምታውና ማጣጣሉ በእኚያ እናት ላይ ያመጡት ውጤት አንድ አይደለምን? ፖስታው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከመፍረዳችን በፊት ግን ለወንድማችን የሚሟገቱለትን ነገሮች በቅንነት እንያቸው። አንደኛ፣ ሠርቷል። ለወራት አጥንቷል፣ ቤት ለቤት ዞሯል። ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ጌታችን ራሱ አስተምሯል። ሁለተኛ፣ ኪሣራም ሊደርስበት ይችል ነበር፤ 31ዱም የተበላሹ ቢሆኑ 1,500 ብሩ ጠፍቶ ነበር። ሦስተኛ፣ ከቆራሌው አምስት እጥፍ ከፍሏል። አራተኛ፣ እርሱ ባይመጣ ሸክላዎቹ ተሰባብረው ይጠፉ ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ትርፍ ማግኘቱ ኃጢአት ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። ጥያቄው ትርፉ ከምን መጣ የሚለው ነው። ከድካሙ ነው ወይስ ከእርሳቸው አለማወቅ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ አቴና ለሚማር ልጁ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያነሣል። በሮድስ ደሴት ረኀብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። እህል የጫኑ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን አይቷል፤ የሮድስ ሰዎች ግን አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ የሁለት ፈላስፎችን ክርክር ያቀርባል። ሁለቱም ጳውሎስ በአቴና ከተከራከራቸው ከኢስጦኢኮች ወገን ነበሩ። ዲዮጋንስ ነጋዴው እስካላታለለ ድረስ የሚያውቀውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም አለ፤ መደበቅና ዝም ማለት አንድ አይደሉምና። አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ሁሉ በአንድ ማኅበር የተሳሰረ ስለሆነ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢውም ሊያውቅ ይገባል አለ። ሲሴሮ ራሱ የፈረደው ነጋዴው ሊደብቅ አይገባውም ብሎ ነው።

የዲዮጋንስን ክርክር አቅልላችሁ አትለፉት። መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ከነጋዴ ጋር ሲገበያይ የሚያውቁትን ሁሉ አይነጋገሩም። ሁለቱም ለዚያ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። ወንድማችን ሸክላዎቹን የገዛው ይህን ሥራዬ ብሎ ከያዘ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር። እኚያ እናት ግን ነጋዴ አይደሉም። ንግግራቸውን መለስ ብላችሁ አስቡት፤ «አንተ የሰፈር ልጅ ነህ፤ አንተ ታውቃለህ» ነው ያሉት። ዋጋ መጥራታቸው አልነበረም። ዋጋውን ለእርሱ አደራ መስጠታቸው ነበር። በገበያ ዝም የሚል ሰውና አደራ ተቀብሎ ዝም የሚል ሰው ይለያያሉ።

አውግስጢኖስን ታውቁታላችሁ፤ የሰሜን አፍሪካው የሂፖ ጳጳስ ነው። ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ በ13ኛው ክፍል፣ ከእኛ ጉዳይ ጋር በጣም የሚመሳሰል ነገር በመንገዱ ላይ ያነሣል። አንድ የመድረክ ተዋናይ ሕዝቡን «የሁላችሁንም ልብ አውቃለሁ» ብሎ ሰበሰባቸው፤ ሁላችሁም በርካሽ መግዛት፣ በውድ መሸጥ ትፈልጋላችሁ አላቸው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። አውግስጢኖስ ግን ሁሉም ሰው እንዲህ እንዳልሆነ ይናገራል። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር። ለዚያ ሰው የሚሸጥ መጽሐፍ ቀረበለት፤ ሻጩ ዋጋውን ስላላወቀ ትንሽ ገንዘብ ጠየቀ፤ ገዢው ግን ሻጩ ያልጠበቀውን ተገቢውን ዋጋ ከፈለው። ይህን ያደረገው ሕግ አስገድዶት አልነበረም። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ስላየ ነው።

«በእርሻ ውስጥ የተሰወረውን መዝገብ ያገኘው ሰውዬስ?» ትሉኝ ይሆናል። ወንድማችንም ይህንኑ ጠይቆኛል። በማቴዎስ 13፥44 ሰውዬው መዝገቡን ሸሽጎ፣ ያለውን ሁሉ ሸጦ እርሻውን ገዛ። ለባለእርሻው አልነገረውም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጌታ በምሳሌ የሚያነሣቸው ሰዎች ሁሉ በሁሉ ነገራቸው አርኣያችን አይደሉም። በሉቃስ 16 የጌታውን ሒሳብ የቀነሰ መጋቢ አለ፤ በሉቃስ 18 እግዚአብሔርን የማይፈራ ዳኛ አለ። ስለ ሒሳብ አያያዝና ስለ ፍርድ አሠራር ከእነርሱ አንማርም። የእርሻው ምሳሌ የሚያስተምረን መንግሥተ ሰማያት ያለንን ሁሉ ልንሰጥላት የምትገባ መሆኗን ነው። ስለ ገበያ ማወቅ ለሚፈልግ ዘሌዋውያን 25 አለ። እዚያ እግዚአብሔር ሕዝቡ ሲሸጥና ሲገዛ አንዱ ሌላውን እንዳያታልል ያዝዛል። ዋጋውም እስከ ኢዮቤልዩ በቀሩት ዓመታት ልክ እንዲተመን ይነግራቸዋል። ዓመት መቁጠር ሻጩም ገዢውም ይችላሉ። ሁለቱም ሊቆጥሩት በሚችሉት ነገር ላይ የቆመ ዋጋ ነው።

ስለ ፖስታውም ቃሉ ዝም አላለም። ዳዊት በኦርና አውድማ ላይ መሠዊያ ሊሠራ ሲሄድ፣ ኦርና ሁሉንም በነጻ ሊሰጠው ፈለገ። ዳዊት ግን እንቢ አለ፤ ምንም ያላስከፈለውን ነገር ለእግዚአብሔር ሊያቀርብ አልወደደም (2ኛ ሳሙኤል 24)። ወንድማችን ያመጣው አሥራት ላይ ግን አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ነበር። ከፊሉን ያዋጡት እኚያ እናት ናቸው፤ ሳያውቁ። ሳያውቁ ባዋጡት ገንዘብ እንዴት እናመልካለን?

በማግስቱ ጠራሁትና ፖስታውን መለስሁለት። ይቅርታም ጠየቅሁት፤ ቸኩዬ አረጋግቼው ነበርና። ከዚያ ወረቀት አውጥተን ቁጭ ብለን አሰላን። የከፈላቸውን ገንዘብ፣ የደከመበትን ጊዜ፣ የአጎቱን ልጅ ድካም ጻፍን። ከተገኘው ግማሹ የእርሳቸው ነው ብሎ ራሱ ወሰነ። ስሌቱ ሕግ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሌላ ቁጥር ላይ ሊደርስ ይችላል። ላፕቶፑ ተገዝቷል፤ ስለዚህ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ አልነበረውም። ያለውን ይዞ ሄደ፤ ቀሪውን በሦስት ወር ከፈለ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። እናታችን ሁሉንም ሲነግራቸው በጸጥታ ሰሙት። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ አልተቆጡትም። ከዚያ፣ «ያ እሳቸው የጻፉበትስ?» ብለው ጠየቁት። አንዱ ትልቅ ሸክላ ሽፋኑ ላይ ባለቤታቸው በእስክሪብቶ የእርሳቸውን ስምና 1966 የሚለውን ዓመተ ምሕረት ጽፈውበት ነበር። በጨረታው መግለጫ ላይ ይህ እንደ ጉድለት ነበር የተመዘገበው፤ «ሽፋኑ ላይ ተጽፎበታል» ተብሎ ዋጋው ዝቅ ብሏል። አሁን ሸክላው ጀርመን አገር ነው። የአጎቱ ልጅ ለገዢው ጻፈለት፤ እስካሁን መልስ የለም።

«ልጄ፣ ዋጋ እንዳላቸው ብትነግረኝ እኮ ካርቶኑን ከፍቼ አይ ነበር፤ ያንን አልሰጥህም ነበር» አሉት።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን የገንዘብ ጉዳይ አድርጌው ነበር። የእኚህ እናት ቃል ግን አስተካከለኝ። ወንድማችን ዝም ሲል ከእርሳቸው የወሰደው ብሩን ብቻ አልነበረም፤ የመምረጥ ዕድላቸውንም ነው። የምታውቁትን ለማያውቅ ሰው ስትነግሩት ካርቶኑን ራሱ ከፍቶ እንዲያይ ታደርጋላችሁ። የቱን እንደሚሸጥ፣ የቱን እንደሚያስቀር፣ የቱን ለልጁ እንደሚሰጥ ራሱ ይወስናል። ገንዘብ ዘግይቶም ቢሆን ሊመለስ ይችላል። ያለፈ ምርጫ ግን አይመለስም።

ስለዚህ ለሚነግዱትም፣ ሊነግዱ ለሚያስቡትም አንድ መመዘኛ ልስጣችሁ። ዕቃውን ከሸጣችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው ባለቤት ሄዳችሁ፣ ስንት እንደሸጣችሁት ፊት ለፊት ልትነግሩት ትችላላችሁ? ሰምቶ «ለድካምህ ይገባሃል» ሊላችሁ የሚችል ከሆነ ነግዳችኋል። መንገድ የምትለውጡ ከሆነ ግን እግራችሁ ከአእምሯችሁ ቀድሞ መልሱን አውቆታል። ጨረታ ላይም ስትወጡ ይኸው ነው፤ የተጫረውን እንደተጫረ ጻፉ፣ የተቀደደውን እንደተቀደደ አሳዩ፣ ጓደኛችሁን ተጫራች አስመስላችሁ ዋጋ አታስጨምሩ። ጀርመን ያለው ገዢም ባልንጀራችሁ ነው።

ወንድማችን አሁንም ሸክላ ይገዛል። አሠራሩ ግን ተለውጧል። ካርቶኑን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይከፍታል፤ ስልኩን አውጥቶ ከዚህ ቀደም የተሸጡበትን ዋጋ ያሳያል፤ ከሽያጩ ስንት ለማን እንደሚደርስ አስቀድመው ይስማማሉ። ትርፉ ቀንሷል። አንዳንዶቹም ዋጋውን ካዩ በኋላ አንሸጥም ብለው መልሰውታል። ነገር ግን እኚያን እናት ሲያይ መንገድ አይለውጥም። ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ቡና ጠጥቶ መጣ። «አሁንም ስለ ሽፋኑ ጠየቁኝ» አለኝ።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ክቡሩን መዝገብ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንደያዝን ይናገራል። እውቀትም ጌታ እጃችን ላይ ካስቀመጣቸው ነገሮች አንዱ ነው። እናንተ ከወላጆቻችሁ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ፤ ስልኩን፣ ቋንቋውን፣ ገበያውን። ያ እውቀት ለምን ተሰጣችሁ? የማያውቁትን ልትቀድሙበት ነው ወይስ ልታገለግሉበት?

ለኅብረት ውይይት

1. ወንድማችን ሸክላዎቹን ከነጋዴ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለቱ ተገቢ ይሆን ነበር? ለምን?

2. የድሮ ሸክላ በጨረታ ሲሸጥ ለተጫወቱት ሙዚቀኞች ከዋጋው የሚደርሳቸው ነገር የለም። ይህ የገዢውና የሻጩ ጉዳይ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ?

3. ባለፈው አንድ ዓመት እናንተ የምታውቁትን ሌላው ስላላወቀ የተጠቀማችሁበት ጊዜ ነበር? ዛሬ ወደዚያ ሰው ብትሄዱ ምን ትሉታላችሁ?